ግራ እጄ ፍሬን አይዝም፣ በ28 አመቴ ሳይክል መልመድ ይቻላል? የሞከረ አለ?

የጣና ልጅ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ እዚ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው፣ ከረዘመ ይቅርታ። 28 አመቴ ነው፣ ባህር ዳር ተወልጄ ባህር ዳር ያደኩ። ባህር ዳር አድጎ ሳይክል አለመቻል ምን እንደሆነ የከተማው ልጆች ታውቁታላችሁ፣ አስተማሪው በሳይክል፣ ነጋዴዋ በሳይክል፣ ቄሱ ጥላ ዘርግተው በሳይክል፣ እኔ በእግሬ።

ታሪኩ ባጭሩ፣ 8 አመቴ እያለሁ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ግራ እጄ ከክርኔ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ተወሰድኩ፣ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አሰረኝ። ሌሊቱን ስጮህ አደርኩ፣ ሲገጥም ነው የሚያመው ቻለው ተባልኩ፣ በሶስተኛው ቀን ሲፈታ ጣቶቼ ጠቁረው ነበር። ሀኪም ቤት ስንደርስ ከመቆረጥ ተረፈ ግን ጡንቻው ሞቷል ተባለ። አሁን ትከሻዬ ደህና ነው፣ ክርኔ እስከ ግማሽ ይዘረጋል፣ አንጓዬ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጣቶቼ እንደጨበጡ ቀርተዋል። ማለት እጁ አለ፣ ይደገፋል፣ ፌስታል ይሰቀልበታል፣ ግን መሪ ጨብጦ ፍሬን መሳብ የማይታሰብ ነው።

እና ሚገርማችሁ እዚ ከተማ ባንድ እጁ የማይነዳ የለም። ባንድ እጁ ጥላ፣ ባንድ እጁ ዶሮ፣ ባንድ እጁ ስልክ። እኔስ ምን አለበት ብዬ ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ ሳይክል ማታ ማታ ሰው ሳያየኝ ይዤ ወጣሁ። አራት ቀን ሞክሬ አራቱንም ቀን ወደኩ። መሪው ሁሌ ወደ ግራ ይጠመዘዝና እኔ በቀኝ በኩል እዘረጋለሁ፣ ያውም በደህናው እጄ ላይ። ፍሬን ስይዝማ ይብሳል። አሁን መዳፌ ተልጦ ነው ይሄን የምጽፈው።

ስራዬ ዓባይ ማዶ ነው፣ ቤቴ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ለባጃጅ በቀን የምከፍለው አናደደኝ። ሌላም ምክንያት አለ ግን እሱን ተዉት። ይቻላል ወይስ ልተወው? ለምንድነው ወደ ግራ ብቻ የሚወስደኝ? ፍሬኑስ?

ቃልዬ

አይዞህ ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርህ፣ ጸበል ሞክረሃል? የኔ አጎት እጁ ሽባ ሆኖ ነበር አሁን ደህና ነው።

የጣና ልጅ

አሜን እህቴ አመሰግናለሁ። ጸበሉን እናቴ 20 አመት ሙሉ አላቋረጠችም፣ እሱ በሷ በኩል ይቀጥል፣ እኔ የሳይክሉን ነው የጠየኩት።

እውነቱን ልንገርህ

እንዳትከፋ ግን ሁለት እጅ ያለውም ሰው በባጃጅ እየተገጨ ነው። ባንድ እጅ ፍሬን ባንድ እጅ መሪ፣ እንዴት ብለህ? እግርህ ደህና ከሆነ በእግርህ ሂድ፣ ለጤናም ጥሩ ነው። ወይ ለሁለት ለሶስት ሆናችሁ ባጃጅ ኮንትራት ያዙ።

የጎሚስታው ልጅ

ከላይ ያለውን ሰውዬ አትስማው። አባቴ ሀዋሳ ላይ ጎሚስታ ነበረው፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው ሳይክል መፍታት የቻልኩት፣ ሀዋሳም እንደናንተው የሳይክል አገር ነው። ባንድ እጅ የሚነዱ ሁለት ደምበኞች ነበሩን፣ አንደኛው እጁ ከክርኑ በታች የለም፣ ድንች በጆንያ ጭኖ ገበያ ይመላለስ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ባለጥላው። እሱ ባንድ እጁ የሚነዳው ሳይክሉ እየሄደ ስለሆነ ነው። ሳይክል ፍጥነት ካገኘ ባብዛኛው ራሱን በራሱ ያቆማል፣ እጅህ ዝም ብሎ አብሮት ነው የሚሄደው። ጣጣው ያለው ሲነሳ ሲቆምና ቀስ ሲል ነው፣ አንተ ደሞ ጀማሪ ስለሆንክ የምታደርገው ሶስቱን ብቻ ነው። ባለጥላውን ልብ ብለህ እየው፣ ሲነሳ ጥላውን ብብቱ ስር ይወትፈዋል።

ወደ ግራ ለሚለው፣ መሪ ማለት መሀሉ ላይ የተተከለ እንጨት በለው፣ እንደ ሚዛን። ቀኝ ጫፉን ወደ ፊት ስትገፋ ጎማው ወደ ግራ ይዞራል። ሌላው ሰው ግራ እጁም እኩል ይገፋልና ግፊቱ ይጣፋል፣ አንተ ጋ መላሽ የለም። ፍሬን ስትይዝ ሰውነትህ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ክብደትህ በሙሉ ቀኝ መዳፍህ ላይ ያርፋል፣ ያው ግፊት ነው፣ ያው ወደ ግራ ነው። እኛ አገር ደሞ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ወደ ግራ ማለት ወደ መኪናው ማለት ነው። ይሄ ሳይስተካከል አስፋልት እንዳትወጣ በናትህ።

መፍትሄው ክብደትህን ከእጅህ ላይ ማንሳት ነው። የያዝከው ማውንቴን ከሆነ (ያ ጎንበስ ብለህ የምትነዳው) ለዛ ነው የከበደህ። መሪውን ከፍ አድርገው፣ ወደራስህ አቅርበው፣ ቀጥ ብለህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁን፣ ያባቶቻችን ፊሊፕስ ሳይክል ላይ እንዳለው ማለት ነው። እጅህን ደሞ ጫፉ ላይ ሳይሆን ወደ መሀል አስጠጋ፣ ወደ መሀል በቀረብክ ቁጥር ስህተትህ ያንሳል፣ ድንገት ብትገፋውም ብዙ አይጠመዘዝም። ግን ሙሉ በሙሉ መሀል አታድርገው ጉድጓድ ላይ ያመልጥሃል።

ፍሬን ላይ ቆንጆው ነገር ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ የሚይዘው አይነት የኋላ ጎማ ነው፣ እጅ አይፈልግም፣ ካገኘህ ያዘው፣ ግን እኛ ጋ ማግኘት እድል ነው። ካጣህ አንድ እጀታ ሁለት ካቦ የሚስብ አለ፣ ባንድ ጭብጥ የፊቱም የኋላውም ይይዛል፣ ውጪ ሰው ካለህ አስልክ ትንሽ እቃ ነው በኪስ ይመጣል። እሱም ከሌለ ሁለቱንም እጀታ ቀኝ በኩል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማሰር ነው፣ አባቴ ለዛ ለድንቹ ሰውዬ እንደዛ ነበር የሰራለት። ባንድ እጀታ ሁለቱን ካደረክ የኋላው ቀድሞ እንዲይዝ የፊቱን ካቦ ትንሽ አላላው፣ የፊቱ ቀድሞ ከያዘ በጭንቅላትህ ነው የምትሄደው። አሁን በያዝከው ላይ ደሞ ቀኝ እጀታ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ጎማውን አንስተህ አሽከርክረህ እየው፣ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። የፊቱ ከሆነ መውደቅህ አይገርመኝም።

ፊዚዮዋ

ሰላም፣ ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው አዲስ አበባ። የጎሚስታው ልጅ የጻፈውን ክፍል ውስጥ አንድ ሰአት ቢያስተምሩኝ እንደዚ አልረዳውም ነበር።

የጣና ልጅ፣ አንተ ጋ ያለው ስም አለው፣ ቮልክማን ኮንትራክቸር ይባላል፣ ጀርመናዊው ሀኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን በ1881 እንደ ፈረንጆቹ የገለጸው ነው፣ ማለትም ከመቶ አርባ አመት በላይ የታወቀ ነገር። ከክርን ከፍ ብሎ መሰበር ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ስብራት ነው። ስብራቱ ራሱ ባብዛኛው ይድናል፣ እጁን የሚገድለው ጥብቅ እስሩ ነው፣ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ደም ይቋረጣል፣ በሰአታት ውስጥ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። እዚ የምታነቡ ወላጆች፣ የታሰረ ልጅ ህመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቱን ቀስ አድርጋችሁ ስትዘረጉት ከጮኸ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረ፣ እስሩን እዛው ፍቱት፣ ሌሊትም ቢሆን ሀኪም ቤት። እስኪነጋ አይባልም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ትከሻህ ደህና ነው ክርንህም ግማሽ ይሄዳል ካልክ ግራ እጅህ ስራ አልፈታም። መጨበጥ አይችልም እንጂ መደገፍ ይችላል፣ የጎሚስታው ልጅ "መላሽ የለም" ያለው ቦታ ላይ ክንድህን መላሽ ልናደርገው እንችላለን። ክንድህ የሚያርፍበት ነገር መሪው ላይ በግራ በኩል አሰራ፣ ከላይ ክፍት የሆነ እንደ ገንዳ ያለ። ግን ቆዳህ ላይ ስሜት አለህ ወይ? መርፌ ቢነካህ ይሰማሃል? ስሜት ከሌለ ስፖንጅ ሳይደረግበት እንዳትሞክረው፣ ሳታውቀው ይቆስላል።

ሳሚ_ቦሌ

ለምን እጁን በሻሽ ወይ በቬልክሮ መሪው ላይ አጥብቆ አያስረውም? ቀላል አይደል እንዴ

የጎሚስታው ልጅ

ሳሚ በፍጹም!! ሲወድቅ ሳይክሉ እጁን ይዞት ነው የሚሄደው፣ የቀረውንም ክርን ይሰብረዋል።

ፊዚዮዋ

አይታሰርም። 20 አመት በፊት ታስሮ አይደል እንዴ እዚ የደረሰው። ክፍት የሚሆነው ለዛ ነው፣ ሲወድቅ ክንዱ ራሱ ይውጣ።

አጥናፉ

ፊዚዮዋ ይቅርታ ግን ወጌሻን መክሰስ ፋሽን ሆኗል። እኔ እግሬ ሲወለቅ ሀኪም ቤት ሁለት ቀን ወረፋ አስይዘውኝ ወጌሻ ነው በአስር ደቂቃ የመለሰኝ፣ እስከዛሬ ኳስ እጫወትበታለሁ። አባቶቻችን በምን ዳኑ?

ፊዚዮዋ

አጥናፉ እግርህ እንኳን ዳነ። ወጌሻ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ጥሩ እጅ ያላቸው አሉ። እኔ ጋ የሚመጡት ግን የዳኑት አይደሉም፣ ኳስ የምትጫወተው አንተ እኔ ጋ ምን ትሰራለህ? እኔ የማየው እንደ የጣና ልጅ ያሉትን ነው፣ ከዛም የባሱትን።

የኡትሬክቱ ሰውዬ

ልጄ እንደምን አለህ። እኔ 58 አመቴ ነው ሆላንድ ከገባሁ 26 አመት ሆነኝ። ከአምስት አመት በፊት ስትሮክ መታኝና ግራ እጄና ትንሽ እግሬም ሰነፈ። እዚህ አገር ሳይክል የሌለው ሰው ጫማ እንደሌለው ነው፣ ቤት ቁጭ ብዬ መስኮት ሳይ ዋልኩ።

አንድ ነገር ልንገርህ በኔ የደረሰ። እዚህ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው የሚሆን ህግ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አመለከትኩ፣ ሰው መጥቶ አየኝ፣ ባለሶስት ጎማ ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ባለሶስት ጎማ የማይወድቅ እንዳይመስልህ! ሁለት ጎማ ሲታጠፍ አብሮህ ያዘነብላል፣ ባለሶስቱ አያዘነብልም፣ መታጠፊያ ላይ ፈጠን ካልክ ቀጥ እንዳለ ይገለበጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ከነዳቦዬ ተገለበጥኩ፣ አንዲት አሮጊት ናቸው ያነሱኝ። ሁለት ጎማ የለመደ ሰው ባለሶስት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ሰውነቱ ይሳሳታል ነው ያሉኝ። ፈጽሞ ባላንስ ለሌለው ሰው ግን ጥሩ ነው፣ አልሰድበውም።

በኋላ አንድ አሮጌ የሴት ሳይክል ገዛሁ፣ ያ መሀሉ ዘንግ የሌለው፣ እግር ሳታነሳ አልፈህ የምትቀመጥበት። ፍሬኑ በእግር ነው፣ ቴሩግትራፕ ይሉታል፣ እዚህ ብዙ ሳይክል እንደዛ ነው። አሁን በሱ ነው ቤተክርስቲያን የምሄደው። የሴት ነው ብለህ እንዳታፍር፣ ስትወድቅ ቶሎ ትወጣለህ።

ያንን ባንድ እጀታ ሁለት ካቦ የሚስበውን ከፈለክ ጻፍልኝ፣ በገና ሰው ወደ አገር ቤት ይመጣል፣ እልክልሃለሁ።

የጣና ልጅ

ጋሼ ምን እላለሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ በውስጥ ጻፍኩልዎት። ፊዚዮዋ ስሜቱ ትንሽ ጣት በኩል አለ አውራ ጣት በኩል የለም፣ ጥሩ ጠየቅሽኝ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የጎሚስታው ልጅ ጎማውን አንስቼ አየሁት፣ ቀኝ እጀታ የፊቱን ነው!!! አራት ቀን ሙሉ በፊት ፍሬን ነው ራሴን ስወረውር የነበረው።

የናቲ እናት

እኔ ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ ክሩን እንዳላበላሽ። ልጄ 9 አመቱ ነው፣ ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ቀኝ እጁ ነርቩ ተጎዳ፣ አብዛኞቹ ልጆች በወራት ይመለስላቸዋል ተብዬ ነበር የሱ ግማሽ ነው የተመለሰው። እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም፣ መጨበጥ ይጨብጣል ግን ጉልበት የለውም። ሳይክል ሳይክል እያለ ገደለኝ። እሁድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ መስቀል አደባባይ አካባቢ ወስጄው ተከራየሁለት፣ ከኋላ መቀመጫውን ይዤ እየሮጥኩ ወገቤ ተቆረጠ፣ በለቀኩት ቁጥር ይወድቃል። ረዳት ጎማ ላስገጥምለት?

የጎሚስታው ልጅ

እማማ ረዳቱን ተይው (እማማ ያልኩሽ በክብር ነው በእድሜ አይደለም)። ረዳት ጎማ ያለው ልጅ የሚለምደው ፔዳል መምታት ነው፣ ባላንስ አይደለም፣ ሲነሳ እንደገና ከዜሮ ነው። የጣና ልጅ አንተም ስማ ለትልቅም ያው ነው።

ፔዳሎቹን ፍቱ። ሁለቱንም። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ሌላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፣ ይሄን ሳያውቅ ስንቱ ሰው ብሎኑን በልቶ እኛ ጋ መጥቷል። ከዛ መቀመጫውን ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርጉት። አለቀ። አሁን ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ መራመድ ነው፣ ቀጥሎ ረጅም ረጅም እርምጃ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም እግር አንስቶ መንሳፈፍ። ትንሽ ቁልቁለት ያለው ሜዳ ካለ ደስ ይላል፣ በጣም ትንሽ፣ ኳስ ብታስቀምጪ ቀስ ብላ የምትንከባለልበት ያህል። ሲደነግጥ እግሩ ፍሬኑ ነው፣ እጅ አያስፈልገውም። እግሩን አንስቶ አስር እስኪቆጥር ሲንሳፈፍ ፔዳሉን መልሱ። አንቺም ከኋላ መሮጥ የለብሽም ቁጭ ብለሽ ቡና ጠጪ።

ፊዚዮዋ

እዚ ላይ ለሁለታችሁም አንድ ነገር። ስትፈሩ ዓይናችሁ ጎማው ላይ ነው የሚተከለው፣ ጎማውን ያየ ይወድቃል። ሩቅ ዛፍ ምረጡና እሱን እዩ። እና መታጠፍን በወገብ ተለማመዱት፣ ስትንሳፈፉ ወገባችሁን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ብታደርጉት ሳይክሉ ራሱ ይከተላል፣ እጅ ሲደክም የሚያድናችሁ እሱ ነው። ለናቲ ደግሞ እጁ ወደ ላይ ስለማይሄድ መሪው ዝቅ ይበልለት፣ ለጣና ልጅ ከተባለው ተቃራኒ ማለት ነው፣ ግራ እንዳትጋቢ። ሄልሜት ግዴታ ነው በዚ አልደራደርም።

ስፖርት አፍቃሪ

ሞራል ፈላጊ ካለ፣ እንግሊዛዊቷ ሳራ ስቶሪ ግራ እጇ ሲፈጠር ጀምሮ መዳፍ የለውም። በ1992 ባርሴሎና ፓራሊምፒክ ላይ በ14 አመቷ በዋና ነው የጀመረችው፣ ከዛ ወደ ሳይክል ዞራ እስከ ፓሪስ 2024 በሁለቱም ስፖርት 19 ወርቅ ሰበሰበች። አስራ ዘጠኝ!! ከኛም ወንድዬ ፍቅሬ አለ፣ ለንደን 2012 ፓራሊምፒክ ላይ የእጅ ጉዳት ባላቸው በ1500 ሜትር ብር ያመጣው። ሯጭ ነው ሳይክል አይደለም ግን ማንም ስሙን አይጠራውም ለዛ ነው የጻፍኩት።

እውነቱን ልንገርህ

እሷ እንግሊዝ አገር ነው የምትነዳው ባለ ሚሊዮን ሳይክል። ዓባይ ማዶ ጉድጓዱን ማን ይነግራታል

የጣና ልጅ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ሪፖርት ላቅርብ። ፔዳሉን ፈታሁ፣ የግራውን በተገላቢጦሽ፣ አመሰግናለሁ ባትነግሩኝ በልቼው ነበር። ማታ ማታ መደበቁን ተውኩት፣ ጨለማ ላይ ሩቅ ዛፍ የት ይታያል፣ ጠዋት 12 ሰአት ሜዳ ላይ ነው የምሰራው። የመጀመሪያው ቀን የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ትልቅ ሰውዬ ፔዳል የሌለው ሳይክል ላይ ሲራመድ አይተው ሞቱ በሳቅ፣ አንዱማ "ጋሼ ተሰርቆብህ ነው?" አለኝ። አራተኛው ቀን ላይ መሳቁ ቀርቶ ጊዜ ይይዙልኝ ጀመር፣ "ሰባት ቆጠርክ! ስምንት!" እያሉ።

ክንድ ማሳረፊያውን ራሴ ሰራሁት። የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ሰፋ ያለውን፣ መሀል ለመሀል ለሁለት ሰነጠኩት፣ ውስጡን የፍራሽ ስፖንጅ፣ ከላዩ አሮጌ የጅንስ ጨርቅ፣ መሪው ላይ በሁለት ክላምፕ አሰርኩት። ክርኔ ስለማይዘረጋ ከፍ ማለት ነበረበት፣ ሶስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት፣ አንዴ ዝቅ ብሎ ትከሻዬን አሳመመኝ አንዴ ወደ ውጪ ሆኖ ክንዴ ሾልኮ ወጣ። አሁን ልክ ነው። የመጀመሪያ ቀን ክንዴ እሱ ላይ አርፎ ሳይክሉ ወደ ግራ ሊሄድ ሲል ክንዴ ሲመልሰው ተሰማኝ። ሀያ አመት ያ እጅ ምንም ነገር መልሶ አያውቅም። ሳይክሉን አቁሜ ትንሽ ቁጭ ብያለሁ እውነት ለመናገር።

የኋላውን ፍሬን ወደ ቀኝ አስቀየርኩ፣ የፊቱን ለጊዜው አስፈታሁት። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፣ አንዱ በጣም፣ ክንዴ ግን እንደተባለው ራሱ ወጥቷል።

የጎሚስታው ልጅ

ጀግና!!! ግን በኋላ ፍሬን ብቻ ረጅም አትሂድ፣ ለሜዳ ይበቃል ለመንገድ ግን ቁልቁለት ላይ አያቆምህም ይንሸራተታል፣ በተለይ በክረምት። ቤዛዊት ኮረብታ ምናምን እንዳታስበው። የጋሼ እቃ እስኪመጣ ሜዳ ላይ ቆይ።

የናቲ እናት

ናቲ ትናንት እስከ 14 ቆጠረ። መሪውን ዝቅ አስደረኩለት፣ ያንን ማን ያስባል ከናንተ በቀር። ቡናዬን ግን አልጠጣሁም ተንቀጥቅጬ ደፋሁት።

ሳሚ_ቦሌ

ሲታጠፍ እጅ ማሳየትስ? ቀኝ እጁ መሪ ላይ ነው ግራው አይዘረጋም

የኡትሬክቱ ሰውዬ

ጥሩ ጥያቄ ነው ሳሚ። እኔ እጅ አላሳይም። ግራ በኩል መስታወት አለኝ፣ መታጠፊያው ሳይደርስ አያለሁ፣ ቀለል ያለ ቀን ከሆነ እታጠፋለሁ፣ መኪና ካለ ቀኝ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እግረኛ ሆኜ እሻገራለሁ። የቸኮለ ይለፍ። የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ እለብሳለሁ፣ ልጆቼ መንገድ ሰራተኛ ይሉኛል። አንድ ጊዜ መሪውን ለቆ በደህናው እጅ ማሳየት የሞከርኩት ግን እንዳይደገም።

የጣና ልጅ (ከገና በኋላ)

ጋሼ እቃው ደረሰኝ፣ ከእቃው ጋር ያለውን ቸኮሌት እናቴ ለጸበል ቤቱ ልጆች አከፋፈለችው። ባንድ እጀታ ሁለቱም ይይዛል፣ የፊቱን አላልቼዋለሁ፣ እጀታውን ስይዝ መጀመሪያ ከኋላ ትንሽ ይጎትተኛል ከዛ ከፊት። የመሪው መጠምዘዝ በፍሬን ጊዜ አሁንም ትንሽ አለ፣ ግን ከመያዜ በፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብዬ ክንዴን ቱቦው ላይ ጫን ካደረኩ ቀጥ ይላል፣ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ስለሆነ አስር ቀን ፈጀብኝ።

እና ባለፈው እሁድ ጠዋት ዓባይን ተሻገርኩ። በአዲሱ ድልድይ፣ በ2016 በኛ አቆጣጠር በተመረቀው፣ የሳይክል መንገድ አለው ስለዚ መኪና ግራ ጎኔን አልነካኝም፣ 380 ሜትር ነው ሲሉ ትንሽ ይመስላል ግን ንፋሱ ከጎን ሲመጣ ረጅም ነው። መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ ባንድ እጃቸው ጥላ ይዘው አለፉኝ። በሳቅ ልወድቅ ነበር።

መጀመሪያ ላይ "ሌላም ምክንያት አለ እሱን ተዉት" ብዬ ነበር። አባቴ ነው። ያኔ ወጌሻው ጋ የወሰደኝ እሱ ነው፣ በሳይክሉ ፊት አስቀምጦኝ። ከዛ በኋላ ሳይክሉን ሸጠው፣ ሁለተኛ አልነዳም፣ እኔንም አላስነካኝም፣ አንድም ቀን ስለሱ አውርተን አናውቅም። እሁድ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳይክሉን ይዞ ቱቦውን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ "ይሄ ክላምፕ ይዝጋል፣ ቅባ ቀባው" አለኝና ገባ።

ፊዚዮዋ

እና ቀባኸው?

የጣና ልጅ

ጠዋት ስነሳ ተቀብቶ አገኘሁት።

ሰኞ ለስራ በሱ ሄድኩ። አሁን አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ የጎሚስታው ልጅ፣ በጋሼ ምክር ግራ በኩል መስታወት አስገጥሜ ነበር፣ መስሪያ ቤት በር ላይ አቁሜ ስወጣ ተፈትቶ ተወስዷል። በቁልፍ የማይፈታ ብሎን አለ ወይስ በምን አስረው?